ቃል የት ያበቃል? ከአክሱም ድንጋይ እስከ ላንቴ ደብተር

ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ያለ የሙዝ አገር ነው። ሙዙ ከእርሻ ወጥቶ በጋሪና በሰው ትከሻ አስፋልት ዳር ይደርሳል፤ እዚያው ይመዘናል፣ ይጻፋል፣ አይሱዙ ላይ ይጫናል፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዚህ ሥራ አልተለዩም። የተረከቡትንና የላኩትን የሚመዘግቡበት ደብተር ሲሞላ ልጃቸው ወደ ኮምፒውተር ትገለብጠዋለች፤ ፋይሉን ለእኔም ትልክልኛለች። ከገለበጠችው አንዱን መስመር እንዳለ ላስቀምጠው፦

«12/7/11 ሙዝ 18ኩ/ል ከ40ኪ/ግ፡፡ ቀሪ 3ኩ/ል ነገ፡፡»

አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ይህን ያለ ችግር ያነበዋል። እኔ ግን አርባ ምንጭ ውስጥ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ኮምፓይለር ዲዛይን ስለማስተምር እንዲህ ባለች መስመር ላይ ብዙ እቆያለሁ። እዝባሩ መጀመሪያ ላይ ቀንን ከወር፣ ወርን ከዓመት ይለያል፤ «ኩ/ል» ላይ ሲደርስ የቃሉ አካል ይሆናል። 18 እና ኩንታል ያለ ክፍተት ተጣብቀዋል። «ከ40» ላይ ፊደሉ ከቁጥሩ ቀድሞ ተለጥፏል፤ ያውም «ከ» እዚህ ቦታ የመደመር ሥራ ይሠራል። አራት ነጥብ የሚመስለውም ምልክት ኮምፒውተሩ ዘንድ አራት ነጥብ አልሆነም፤ የአጎቴ ልጅ የመታችው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ነው። የሰው ዓይን ይህን ሁሉ ሳያስተውል አልፎ ትርጉሙ ላይ ይደርሳል። ኮምፒውተር ግን ከትርጉም የሚቀድም ሥራ አለው። ፊደል በፊደል የሚመጣለትን ጽሑፍ እየቆረጠ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ስም ነው፣ ይህ ምልክት ነው እያለ ይለያል። ይህን ሥራ ሌክሲካል አናሊሲስ እንለዋለን፤ ፕሮግራምን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚተረጉመው ኮምፓይለር ውስጥ ይህን የሚሠራው ክፍል ስካነር ነው፤ እየቆረጠ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያቀብላቸው ቶከን ይባላሉ።

ተማሪዎቼ ስካነርን ቶሎ የሚታለፍ ምዕራፍ አድርገው ነው የሚያዩት። ከባዱ ሥራ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሰዋስው ክፍል ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስካነር ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ደንብ «ፊደል የሚባለው ምንድን ነው? ቃል የት ያበቃል?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ውሳኔ ነው፤ የወሰነው ሰው የማንን ጽሕፈት እያሰበ እንደ ወሰነም ከደንቡ ላይ ይነበባል። የዚህን ሙያ ታሪክ ስናገር ከአሜሪካ ላቦራቶሪዎች በፊት ከእኛው ድንጋይና ብራና የምጀምረው ለዚህ ነው።

በአክሱም የሚታየው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀረጸ ነው። አንዱ ጽሑፍ በግሪክኛ ነው፤ ሌሎቹ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ፊደል ተጽፈዋል። የዘመኑ ግሪክኛ ቃልን ከቃል አይለይም ነበር፤ ፊደሉ ከፊደል ተያይዞ ይፈሳል፣ አንባቢው እያነበበ ራሱ ይቆርጣል። የጥንቱ የግዕዝ ጽሕፈት ግን፣ ከደቡብ ዓረቢያ ጽሕፈት ጋር በሚጋራው ልማድ፣ በቃልና በቃል መካከል ቀጥ ያለ መስመር ያቆማል። የብራናው ዘመን ሲመጣ የመስመሩን ቦታ ሁለት ነጥብ ያዘ፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅም አራት ነጥብ ሆነ።

ቁም ጸሐፊዎቻችን በዚህ አልተወሰኑም። የአምላክን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ቁጥር ሲጽፉ ከላይና ከታች መስመር ያሰምሩበታል፤ የግዕዝ አሃዝ ከግሪክ ፊደል የመጣ ስለሆነ መልኩም ፊደል ፊደል ይላል፣ መስመሩ ይለየዋል። አንድ የቆየ ዳዊት ገልጣችሁ ብታዩ፣ ትርጉሙን ገና ሳትደርሱበት፣ ቃሉ የት እንደሚያበቃ፣ የትኛው ስም የከበረ እንደ ሆነ፣ የትኛው ቁጥር እንደ ሆነ ዓይናችሁ ለይቶ ይጨርሳል። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ኮዳቸው በሰማያዊና በአረንጓዴ ሲቀለምላቸው ሥራውን የሚሠራው ስካነር ነው። ቁም ጸሐፊው ያንኑ በመቃ ብዕርና በሁለት ዓይነት ቀለም ሠርቶታል።

ግዕዝ ወደ ብረት ፊደል የገባው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ሁለት ነጥቡ እስከ ቅርብ ዘመን በመጻሕፍትና በጋዜጦች አብሮን ኖሯል። የጽሕፈት መኪናው ታሪክ ለብቻው የሚጻፍ ስለሆነ እዚህ አላበዛም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል መነሻውን ፊደል መትቶ ምልክቱን በመቀጠል ፊደል የሚገነባበትን ዘዴ አበጁ። ያ አካሄድ ኋላ በኮምፒውተር ዘመን ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተር በየቢሮው ሲገባ ግን ሁለት ነጥቡ እየቀረ፣ በባዶ ቦታ እየተተካ ሄደ። እኔ በዚህ አዝናለሁ፤ የማዝነውም ለድሮው መልክ ስል አይደለም። ባዶ ቦታ ብዙ ሥራ የተሸከመ ምልክት ነው። አንቀጽ ለማስገባት፣ ሠንጠረዥ ለማስተካከል፣ ቁጥርን ከመለኪያው ለማራቅ፣ በስሕተትም ጭምር ይመታል። ሁለት ነጥብ ግን አንድ ሥራ ብቻ ነበረው፤ «ቃሉ እዚህ አበቃ» ይላል። ስካነር ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

ይህ ስጦታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት ፎርትራንን ማንሳት ይበቃል። ጆን ባከስና ባልደረቦቹ በአይቢኤም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጡት ይህ ቋንቋ ባዶ ቦታን ከነአካቴው አይቆጥርም ነበር። በፓንች ካርድ ላይ ክፍተት ቢበዛ ቢያንስ ለውጥ አያመጣም። መልካም ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ድግግሞሽ የሚያዘው ዓረፍተ ነገር «ዱ» ብሎ ይጀምርና የመስመር ቁጥር፣ የቆጣሪ ስም፣ እኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዚያ «1,10» ይከተላል። በነጠላ ሰረዙ ቦታ ነጥብ ገብቶ «1.10» ከሆነ ግን «ዱ»፣ ቁጥሩና የቆጣሪው ስም ሦስቱም ተጣብቀው የአንድ ተለዋዋጭ ስም ይሆናሉ፤ ዓረፍተ ነገሩም ለእሱ 1.10ን መስጠት ይሆናል። ስካነሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ትእዛዝ ይሁኑ የስም ቁራጭ ለማወቅ እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ አሻግሮ ማየት አለበት። ቃል ለይቶ የማይጽፍ ጽሕፈት ጣጣው እንዲህ ነው፤ የኢዛናን ግሪክኛ ያነበበ ሰውም ያው ጣጣ ነበረበት።

ያን ጊዜ የእያንዳንዱ ኮምፓይለር ስካነር በእጅ ነበር የሚጻፈው። ስካነርን ራሱን በፕሮግራም ለማሠራት መንገድ የከፈተው ነገር የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። እስቲቨን ክሊኒ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 ክረምት በራንድ ኮርፖሬሽን ተቀምጦ፣ ማኩሎክና ፒትስ ከስምንት ዓመት በፊት ስለ ነርቭ ሕዋሳት የጻፉትን ሲመረምር፣ ውሱን ሁኔታ ያለው ማሽን ምን ዓይነት የምልክት ቅደም ተከተል ሊለይ እንደሚችል የሚገልጽ አጻጻፍ አገኘ። ዛሬ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የምንለው ነው። ሦስት ነገሮች ብቻ ይበቁታል፦ አንዱን ከሌላው ማስከተል፣ ከሁለት አንዱን መምረጥ፣ አንዱን የፈለጉትን ያህል መደጋገም። እ.ኤ.አ. በ1959 ራቢንና ስኮት እንዲህ ያለ መግለጫ ሁሉ በእያንዳንዱ ፊደል አንድ እርምጃ ብቻ ወደሚራመድ፣ ወደ ኋላ ወደማይመለስ ማሽን ሊለወጥ እንደሚችል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ሥራዎች በአንድ ዓመት ወጡ፤ ኬን ቶምፕሰን ሬጉላር ኤክስፕሬሽንን ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው፣ በኤምአይቲ ደግሞ ጆንሰን፣ ፖርተር፣ አክሊና ሮስ ደንብ ተቀብሎ ስካነር ሠርቶ የሚሰጥ ሥርዓታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ስካነር አመንጪ የሚባለው ዕቃ ከዚያ ይጀምራል።

ስሙን ያስጠራው ግን ሌክስ ነው። ማይክ ሌስክ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ሠራው፤ ረዳቱ ያኔ ተማሪ የነበረው፣ ኋላ ጉግልን የመራው ኤሪክ ሽሚት ነበር። እኛ ዘንድ ያ ዓመት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀበት ነው። የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው በ1979 ዓ.ም. ስለሆነ ሌክስ በዕድሜ ይበልጠዋል። ቨርን ፓክሰን በነፃ የሚገኘውን ፍሌክስ በሲ ቋንቋ የጻፈው በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ገደማ ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ የማሠራው በእሱ ነው።

አሠራሩ ውብ ነው። ደንቦችን በዝርዝር ትጽፋለህ፤ በእያንዳንዱ ደንብ ፊት ቁርጥራጩ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ታስቀምጣለህ። ፍሌክስ ደንቦቹን ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ይለውጣቸዋል። ስካነሩ ሲሠራ ያለበትን ሁኔታና የመጣውን ፊደል ይዞ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሳጥን ያያል፣ ወደተጻፈው ሁኔታ ይሄዳል፣ ይኸው ነው። ሁለት ደንቦች ቢጋጩ የሚለይባቸው ሕግ አለው። ረጅሙን የያዘው ያሸንፋል፤ እኩል ከያዙ ዝርዝሩ ላይ የቀደመው ያሸንፋል።

የረጅሙን ሕግ ተማሪዎቼ የሚረዱት ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ ከዚያች የአጎቴ ልጅ ከመታቻት አራት ነጥብ ነው። አንዱ ደንብ ሁለት ነጥብ ብቻውን ቃል ለያይ ነው ይላል። ሌላው ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከመጣ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ነው ይላል። ስካነሩ የመጀመሪያውን ሁለት ነጥብ እንዳየ አይቸኩልም፤ ቀጣዩን ያያል፣ ሌላ ሁለት ነጥብ ካገኘ ረጅሙን ይወስዳል። የአማርኛ ጽሑፍ ሰብስቦ የሚያውቅ ሁሉ ይህ መዝጊያ ከእውነተኛው አራት ነጥብ ጋር ተደባልቆ በየገጹ እንደሚገኝ ያውቃል። «እ.ኤ.አ.» ላይም ሕጉ ያው ነው። ነጥቡ እንደ ዐረፍተ ነገር መዝጊያ ተወስዶ ምህጻረ ቃሉ ሦስት ቦታ እንዳይቆረጥ ሙሉው በአንድ ደንብ መያዝ አለበት። «ት/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ጠ/ሚ»፣ «ኩ/ል» እያንዳንዳቸው በእዝባሩ ግራና ቀኝ ፊደል ስላላቸው በአንድ ደንብ ይገባሉ፤ በግራና ቀኝ ቁጥር ያለበት እዝባር የቀን ነው። «18ኩ/ል» ላይ የቁጥሩ ደንብ 18ን ጨርሶ ይቆማል፤ የሚቀጥለው ቁርጥራጭ ከ«ኩ» ይጀምራል። የተጣበቀውን የሚለያየው ባዶ ቦታ ሳይሆን የፊደሉ ዓይነት መለወጡ ነው።

ተማሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን ስካነሩ አንድ ያድርጋቸው ይለኛል። አልፈቅድም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ሰው መሆናቸውን የሚወስነው ስም መዝገቡ ነው፤ ስካነር የተጻፈውን እንደ ተጻፈ ማቀበል አለበት። ሰው ስሙን የጻፈበትን ፊደል በመግቢያው በር ላይ መለወጥ የማንም መብት አይደለም።

ኮምፒውተር ወደ እኛ ሲመጣ ይዞት የመጣው አስኪ የተባለው የፊደል ገበታ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የሌክስ ሠንጠረዥም ለእሱ የተሰፋ ነው። በእጥፍ ቢያድግ እንኳ 256 ነው። 231ዱ ፊደል ከዲቃሎቹ፣ ከአሃዙና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር በዚያ አይበቃም። እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ቀዳሚዎች በየራሳቸው መንገድ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ አስገቡ፤ ግን የአንዱ ኮድ ከሌላው ስለማይገጥም በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሌላ መንገድ ቀየሱ፤ ሴራ ይባላል። ግዕዙን በአስኪ የላቲን ፊደላት ብቻ መጻፍ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ግዕዝ መለወጥ። ኤስ ብቻውን ከመጣ ስ ይሆናል፤ ኤስና ዩ ከመጡ ሱ፤ ኤስ፣ ትልቁ ደብልዩና ኤ ከመጡ ሷ። ኮለን አንድ ጊዜ ከተመታ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ ከተመታ አራት ነጥብ ነው። ይህ ማለት ሴራን የሚያነብ ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች ስካነር ነው፤ ረጅሙን የመውሰድ ሕግ ከሌለ ሷ ተቆርጣ ሌላ ነገር ትሆናለች። አያና ብሩ በብረት ያደረጉትን፣ መነሻውን አስቀምጦ ድምፁን የመቀጠልን ዘዴ፣ እነዚህ ሰዎች በደንብ ዝርዝር ሠሩት። ዛሬ በስልካችን ላቲን እየመታን አማርኛ የምናወጣበት ዘዴ ሁሉ የዚህ ዘመድ ነው።

ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ሲወጣ ግዕዝ 345 ምልክቶችን ይዞ የራሱን ክፍል አገኘ። ከዚያ በኋላ ፊደላችን በየትኛውም ማሽን አንድ ቁጥር አለው። ፍሌክስ ግን እስከ ዛሬ የሚያነበው ባይት፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፤ በዚህ ክፍል ያለ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሦስት ባይት ይሆናል። ስለዚህ «የአማርኛ ፊደል» የሚለውን ደንብ ተማሪው በባይት መጻፍ አለበት። የመጀመሪያው ባይት 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191። ይህን የጻፈ ተማሪ ደስ ብሎት ያሠራዋል፤ ስካነሩ አንቀጹን በሙሉ አንድ ቃል አድርጎ ይመልስለታል፣ ባዶ ቦታ ከሌለ። ምክንያቱም ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም በዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሁለት ነጥብ 225፣ 141፣ 161 ነው፤ አራት ነጥብ አንድ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ሁለተኛው ባይት 141 ሲሆን ሦስተኛው ከ154 እንዳያልፍ መከልከል ያስፈልጋል። ከ160 እስከ 168 ሥርዓተ ነጥብ ነው፤ ከ169 እስከ 188 የግዕዝ አሃዝ። እነዚህን ቁጥሮች በሰሌዳው ላይ ስጽፍ ፊደል ገበታውን እንደ ገና የቆጠርን ያህል ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ያልጠበቁትን እጨምራለሁ። ጋሞኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ለአማርኛ የማያስፈልጉ ድምፆች አሉት፤ ለእነሱ የተበጁ ፊደላትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ 32 ፊደላት የያዘ ተጨማሪ ክፍል ከፈተ። ሰንጠረዡን ብታዩት የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ግዕዙ ቦታ ባዶ ሆኖ ከካዕቡ ይጀምራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ይህ ነው፦ ꬉ። ስልክዎ ባዶ ሳጥን ካሳየዎት ፊደሉ ስለሌለ ሳይሆን የስልኩ የፊደል ቅርፅ ፋይል ስላላካተተው ነው። እነዚህ ፊደላት ከሌሎቹ ርቀው ተቀምጠዋል፤ ባይታቸው በ225 አይጀምርም፣ በ234 ይጀምራል፣ ቀጥሎ 172፣ ቀጥሎ ከ128 እስከ 175 ባለው ውስጥ። ለአማርኛ ብቻ ታስቦ የተጻፈው ደንብ ጋሞኛ ቃል መሃል ላይ ይህን ሲያገኝ ቃሉን ይበጥሰዋል፤ ፊደሉንም የማይታወቅ ምልክት ብሎ ይጥለዋል። ያን ደንብ የጻፈው ልጅ ራሱ ጋሞ ሊሆን ይችላል፤ ጨንቻ፣ ቦንኬ ወይም ላንቴ ተወልዶ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ነው ስካነሩ የጣለበት። እኔ ይህን እንዲያዩ ስል ነው ባይት እስከ መቁጠር የማደርሳቸው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር ሲጀመር ጋሞኛ ለትምህርት ቤት የያዘው የላቲን ፊደል ነው። በዚህ አጻጻፍ ዲ እና ኤች ተጣምረው አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ ድምፁ ሲጠብቅ ጥንዱ ይደገማል፣ አራት ምልክት ለአንድ የጠበቀ ድምፅ። ከጉሮሮ ቆርጦ የሚወጣውን ድምፅ ለመጻፍ ደግሞ የተመረጠው ቁጥሩ 7 ነው። ምድር ለማለት ኤስ፣ ኤ፣ 7፣ ኤ ተብሎ ይጻፋል። የላንቴ ልጅ 7ን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቁጥር፣ በጋሞኛ ክፍለ ጊዜ ፊደል አድርጎ ይማራል፤ አይደናገርም።

ስካነር ግን ይደናገራል። የላቲን ፊደል ለብቻ፣ አሃዝ ለብቻ ብለው ደንብ ከጻፉለት ምድርን ሦስት ቦታ ይቆርጣታል፤ ሁለት ትርጉም የሌላቸው ቁርጥራጮችና መካከላቸው አንድ ሰባት። ቶሎ የሚመጣው መፍትሔ «በፊደልና በፊደል መካከል ያለ 7 ፊደል ነው» ማለት ነው። ይህን ደንብ በደብተሩ ፋይል ላይ ብናሠራው «ከ7ኪ/ግ» ላይ ይወድቃል። እዚያ 7 በሁለት ፊደላት መካከል ገብቷል፣ ግን ሰባት ኪሎ ሙዝ ነው፤ ደንቡ ፊደል ካደረገው ከሒሳቡ ይጠፋል፣ ገበሬው ዋጋውን ያጣል። ትክክለኛው ደንብ 7 ፊደል የሚሆነው በላቲንና በላቲን መካከል ሲሆን ብቻ ነው፤ በግዕዝና በግዕዝ መካከል ቁጥር ነው። አንዲት የደንብ መስመር ናት። እሷን ለመጻፍ ግን አማርኛውንም ጋሞኛውንም፣ የሚዛኑንም ልማድ ማወቅ ይጠይቃል። ካሊፎርኒያም ሆነ አዲስ አበባ ተቀምጦ በግምት የሚደረስበት ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ይህ ሙያ ላንቴን በሚያውቁ ሰዎች እጅ እንዲገባ አጥብቄ የምፈልገው።

በአንዳንድ ቦታ ከሩቅ የተወሰነው ውሳኔ አሁንም ይታያል። ፓይተን ከሦስተኛው ትውልዱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በማንኛውም ፊደል ስም መስጠት ይፈቅዳል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ተለዋዋጩን «ሙዝ» ብለው ሲሰይሙት ያለ ችግር ይሠራል፣ ደስታቸውም ትልቅ ነው። «ሙዝ፩» ብለው ሲሰይሙትም ይሠራል። «ሙዝ፪»፣ «ሙዝ፫» እያሉ እስከ «ሙዝ፱» ይደርሳሉ። «ሙዝ፲» ሲሉ ግን ስካነሩ ያቆማቸዋል፤ ትክክለኛ ያልሆነ ምልክት ይላቸዋል።

ምክንያቱ ከዩኒኮድ የቀድሞ ታሪክ የመጣ ነው። የግዕዝ አሃዝ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት መጀመሪያ ላይ እንደ አስርዮሽ አሃዝ ተቆጥረው ነበር። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፤ ለአስር፣ ለሃያ፣ ለመቶ የየራሱ ምልክት ስላለው ቦታ እየቀያየረ አይሠራም። ይህ ሲታወቅ ምድባቸው ተስተካከለ። ቀድሞ በስም ውስጥ ተፈቅደው ስለነበር ግን የተጻፈ ፕሮግራም እንዳይበላሽ እነዚህ ዘጠኙ በልዩ ዝርዝር ገብተው በስም መካከልና መጨረሻ መፈቀዳቸው ቀጠለ። ፲ እና ከእሱ በላይ ያሉት በመጀመሪያውም ምድብ ስላልነበሩ በዝርዝሩ አልገቡም። ሁለት ነጥቡም በፓይተን ውስጥ ቦታ የለውም፤ የኮለንን ሥራ እንዲሠራ ቢጽፉት ይጣላል። ለቁጥርም ቢሆን ፭ን ብቻውን ጽፎ አምስት ማለት አይቻልም።

አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ማን ነው የወሰነው፣ ማንስ ይለውጠዋል ብሎ ጠየቀኝ። የዩኒኮድ ኮንሶርሽየም ከማንም ሰው ማመልከቻ ይቀበላል። የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፦ ፊደሉ ወይም ምልክቱ በታተመ ጽሑፍ፣ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በደብዳቤ ሲሠራበት የሚያሳይ ገጽ፣ ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት፣ በፊደል ተራው የሚገባበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት በዩኒኮድ 14.0 ገብተዋል። አሁን ተማሪዎቼ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲጠይቁኝ ከጋሞ ደጋና ቆላ በእጅና በማተሚያ የተጻፈ ጋሞኛ፣ በግዕዝም በላቲንም፣ እንዲሰበስቡ፣ ከዚያ ቃሉን ሳይበጥስ የሚያነብ የፍሌክስ ደንብ እንዲጽፉለት እሰጣቸዋለሁ። የደንቡ የመጀመሪያ መስመር በ225 የሚጀምረውን ይይዛል፤ ሁለተኛው በ234 የሚጀምረውን፤ ሦስተኛው በላቲን ፊደላት መካከል ያለውን 7።